የአንዱን ማኅበር ኪሳራ ከሌላው ትርፍ ስለ መቀነስ (መልስ)

የጀልባ ማኅበርዎ ኪሳራ ከሆቴልዎ ትርፍ ተቀንሶ ለሁለቱም አንድ የግብር ማስታወቂያ ማቅረብ ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል፤ አይቻልም። ባለቤቱ አንድ ቢሆንም፣ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት እያንዳንዱ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ራሱን የቻለ ግብር ከፋይ ነው። ስለዚህ ሆቴሉ በትርፉ ላይ 30 በመቶ ይከፍላል፤ የጀልባው ኪሳራም ተቀባይነት ካገኘ በራሱ መዝገብ ወደሚቀጥሉት ዓመታት ይሸጋገራል።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ጀልባዎቹ የሆቴሉን እንግዶች ወደ ዘጌ በነጻ ያመላልሳሉ ማለትዎ ነው። ግንኙነት ባላቸው ድርጅቶች መካከል የሚደረግ ግብይት በገበያ ዋጋ መሆን ስላለበት፣ ጽሑፍ ያለው ውል ይፈራረሙ፤ ለሌላ ደንበኛ በሚያስከፍሉት ዋጋ ልክም ለእያንዳንዱ ጉዞ ደረሰኝ ይቁረጡ።

አንድ ነገር በብርቱ ላሳስብዎ። የሒሳቡን መዝገብ እይዝለት በነበረ ድርጅት፣ ለጀልባ ሞተር የተቀዳው ነዳጅ ደረሰኝ ለዓመት ያህል በእህት ድርጅቱ ስም ሲቆረጥ ቆይቶ፣ ኦዲተሮቹ ወጪውን በሁለቱም ወገን ውድቅ አደረጉት። ነዳጅ የሚያስቀዳው ሠራተኛ የትኛውን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር መስጠት እንዳለበት ዛሬውኑ በጽሑፍ ይስጡት።