ብሪጅ ላይ እርምጃው ለቆመበት ወንድሜ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ብሪጅ የተባለውን የካርታ ጨዋታ ከጀመርክ አሥር ወር እንደሆነህ፣ ሁለት መጽሐፍ እንደጨረስክ፣ ዘጠኝ የጨረታ ስምምነቶችን (አጋሮች አስቀድመው የተለየ ትርጉም የሰጧቸውን ጥሪዎች) በቃልህ እንደያዝክ፣ ነገር ግን በክለብህ ውድድር ሁልጊዜ ከመጨረሻዎቹ ጥንዶች መካከል እንደምትገኝ ጽፈሃል። «ቀጥሎ የትኛውን ስምምነት ላጥና?» ብለህ ጠይቀሃል። ምንም አዲስ ስምምነት አታጥና። ከያዝካቸው ዘጠኝ ውስጥም ስድስቱን ለጊዜው አስቀምጣቸው። እኔም አንተ አሁን ባለህበት ቦታ ሁለት ዓመት ሙሉ ቆሜ ስለነበር፣ ምክንያቱን ሳልቸኩል ላስረዳህ።

ጨዋታውን የተማርኩት ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ በተንከባካቢነት ስሠራ ነው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አራት እናቶች መስኮቱ አጠገብ ባለችው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ይጫወቱ ነበር። አንደኛዋ ታመው ሆስፒታል ሲገቡ ጨዋታው ቆመ፤ ብሪጅ በሦስት ሰው አይሆንም። የሥራ ሰዓቴ ሲያበቃ ጠሩኝና አራተኛ እንድሆን ለመኑኝ። ካርታ በልጅነቴ ከወንድሞቼ ጋር ስለተጫወትኩ ቀላል መስሎኝ ተቀመጥኩ። ይህ ከሆነ 14 ዓመት አለፈው፤ አሁንም በሳምንት ሁለት ቀን እጫወታለሁ።

ጨዋታውን ለማታውቁ አንባቢዎች ባጭሩ፦ አራት ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመራሉ፤ አጋሮች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። 52ቱ ካርታ ይታደልና ለእያንዳንዱ 13 ይደርሰዋል። በቅድሚያ ጨረታ አለ። እያንዳንዱ ጥንድ ስንት ዙር (አራቱም አንድ አንድ ካርታ የሚጥሉበት) እንደሚያሸንፍና ከአራቱ የካርታ ዓይነቶች፣ ከስፔድ፣ ከሃርት፣ ከዳይመንድና ከክለብ፣ የትኛው ገዥ (ሌሎቹን የሚያሸንፍ) እንደሚሆን ይጫረታል፤ ያለ ገዥ መጫወትም ይቻላል። ጨረታውን ያሸነፈው ወገን ውል ገባ ማለት ነው። ከዚያ የባለውሉ አጋር ካርታውን በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ገልጦ ይዘረጋል፤ የተገለጠው እጅ ዱሚ ይባላል። ሌሎቹ ሁለቱ ውሉን ለማፍረስ ይከላከላሉ።

ገበጣ ስትጫወት ጠጠሩ ሁሉ ፊትህ ነው፤ ዳማም እንዲሁ። ብሪጅ ላይ ግን የራስህንና የዱሚውን 26 ካርታ ታያለህ፤ የቀሩት 26 ተሸፍነዋል። ከእነዚህ የተሸፈኑ ካርታዎች ምን ያህሉን ማወቅ እንደምትችል ነው ጥሩውን ተጫዋች ከጀማሪው የሚለየው፤ ለማወቅ ደግሞ ከመቁጠር ሌላ መንገድ የለም።

አንድ እጅ ላሳይህ። እባክህ በዓይንህ ብቻ አንብበህ አትለፈው፤ ካርታ አምጣና ጠረጴዛ ላይ ደርድረው።

በእኔ እጅ የነበረው፦ ስፔድ አስ፣ 8፣ 5፤ ሃርት ንጉሥ፣ ንግሥት፣ 4፤ ዳይመንድ አስ፣ 9፣ 6፣ 4፤ ክለብ 9፣ 6፣ 3።

ዱሚው ላይ፦ ስፔድ 7፣ 4፤ ሃርት አስ፣ 6፣ 3፤ ዳይመንድ ንጉሥ፣ 8፣ 2፤ ክለብ አስ፣ ንግሥት፣ ጃክ፣ 10፣ 5።

ውላችን «ሦስት ያለ ገዥ» ነበር፤ በጨረታ በሚጠራው ቁጥር ላይ ስድስት ስለሚደመር ዘጠኝ ዙር ማሸነፍ አለብን። በግራዬ የተቀመጠችው ሴት የስፔድ ንጉሥ መዘዘች። እኔም ዱሚው ተዘርግቶ ሳያበቃ አሴን ጣልኩበት። ከዚያ ክለብ 3 መዘዝኩ፤ በግራዬ ያለችው ትንሽ ስትጥል ከዱሚው ንግሥቲቱን አስጣልኩ። በቀኜ ያለው ሰው በንጉሡ ወሰደውና ወዲያው ስፔድ መለሰ። በግራዬ ያለችው አራት ስፔድ በተከታታይ አሸነፈች። እኔ በስምንት ቀረሁ፤ በአንድ ዙር ውሉ ፈረሰ። በብሪጅ ክለብ ውድድር ያንኑ እጅ ጠረጴዛዎቹ ሁሉ በየተራ ስለሚጫወቱት ማምሻውን ውጤቱን ማነጻጸር ይቻላል። በእኛ አቅጣጫ የተቀመጡት ሌሎች ጥንዶች አብዛኞቹ 430 ነጥብ አግኝተዋል፤ እኛ 50 ተቀንሶብናል። ካርታችን ጠንካራ ነበር፣ ጨረታችንም ልክ ነበር። ያ ሁሉ ነጥብ የጠፋው በመጀመሪያው ካርታ ላይ ነው።

አሁን አብረን እንቁጠር። እርግጠኛ የሆኑት ዙሮች ስፔድ አንድ፣ ሃርት ሦስት፣ ዳይመንድ ሁለት፣ ክለብ አንድ ናቸው፤ በድምሩ ሰባት። የጎደሉን ሁለቱ ናቸው፤ እነሱም በብዛት የሚገኙት ከክለብ ነው። የክለብ ንጉሥ በግራዬ ካለ ምንም አልከስርም። በቀኜ ካለ አንድ ዙር አጣለሁ፤ ቢሆንም አራት ክለብ አሸንፋለሁ። ስለዚህ አደጋው ንጉሡን ማጣቴ ሳይሆን ንጉሡን የያዘው ሰው ለአጋሩ የሚመልሰው ስፔድ ማግኘቱ ነው። እኛ አምስት ስፔድ አለን፤ ተቃራኒዎቹ ስምንት። አምስትና ሦስት ሆነው ከተከፈሉ፣ አሴን ሁለት ጊዜ ከልክዬ (ሳልጥል ይዤው ቆይቼ) በሦስተኛው ዙር ብጥል በቀኜ ያለው ሰው ስፔድ ያልቅበታል። የክለብ ንጉሡን ቢወስድም ወደ አጋሩ የሚሻገርበት መንገድ የለውም። ሁለት ስፔድና አንድ ክለብ አጥቼ አሥር ዙር አሸንፍ ነበር። አራት በአራት ቢከፈሉስ? ሦስት ስፔድና አንድ ክለብ አጣለሁ፤ አሁንም ዘጠኝ ዙር በእጄ ነው።

ስንት ጊዜ መከልከል እንዳለብህ የሚነግር ቀላል ስሌት አለ። በዚያ ዓይነት በእጅህና በዱሚው ላይ ያሉትን ካርታዎች ደምረህ ከሰባት ቀንስ። እዚህ ላይ ሦስትና ሁለት አምስት፤ ከሰባት ሲቀነስ ሁለት። ሁለት ጊዜ ትከለክላለህ።

ይህን ስሌት በዚያን ጊዜም አውቀው ነበር። መጽሐፍ ላይ አስምሬበታለሁ። ጠረጴዛው ላይ ግን ፋታ ስላልሰጠሁት አልደረሰልኝም። ከዚያ ምሽት ጀምሮ አንድ ልማድ ያዝኩ፦ ባለውል ስሆን፣ ዱሚው ሲዘረጋ ካርታዬን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ። የዱሚውን እጅ አይቼ፣ እርግጠኛ ዙሮቼን ቆጥሬ፣ የጎደለኝን ከየት እንደማመጣ ሳልወስን አላነሳውም። ግማሽ ደቂቃ ቢፈጅ ነው፤ ማንም አይቆጣህም። የመጀመሪያው ዙር ላይ ማሰብ በጨዋታው የተለመደ ነው። ሌላ ምንም ሳትለውጥ ይህንን ብቻ ለሁለት ወር አድርገው።

ቀጥሎ 13ን መቁጠር ነው። እዚህ ላይ ጀማሪ የሚሳሳተው አራቱንም ዓይነት በአንዴ ለመቁጠር ሲሞክር ነው፤ አእምሮው ይደክምና ሁሉንም ይተወዋል። በአንድ ዓይነት ጀምር፤ በገዥው። የወደቁትንም ከአንድ እስከ 13 አትቁጠር፤ የጎደሉትን ብቻ ቁጠር። እኛ ስምንት ገዥ ካለን እነሱ አምስት አላቸው። አምስቱ ሦስትና ሁለት ሆነው የሚከፈሉት ከመቶ 68 ጊዜ ያህል ነው፤ አራትና አንድ 28፤ አምስቱም በአንድ ሰው እጅ የሚገኙት 4 ጊዜ ገደማ ብቻ። ስለዚህ በሁለተኛው ዙር ሁለቱም ተቃራኒዎች ገዥ ከጣሉ የቀረው አንድ ብቻ ነው። «አምስት፣ ሦስት፣ አንድ» ብለህ ለራስህ ትናገራለህ፤ አለቀ። በአንድ ዓይነት ይህ ሲቀልህ ሁለተኛውን ጨምር።

ቤት ውስጥ የምሠራው ልምምድም አለኝ፤ ቡናዬ እስኪፈላ ድረስ እሠራዋለሁ። 13 ካርታ አነሳና ደርድሬ አምስት ሰከንድ አይቼ እገለብጠዋለሁ። ከዚያ ቅርጹን (ከየዓይነቱ ስንት ካርታ እንዳለ) ጮክ ብዬ እናገራለሁ፦ «5፣ 4፣ 3፣ 1»። ቅርጾችን እንደ ቃል ማወቅ ቆጠራውን በጣም ያቀላል። 4-4-3-2፣ 5-3-3-2 እና 5-4-3-1 የሚባሉት ሦስቱ ብቻ ከሚታደሉት እጆች ሁሉ ግማሹን ይይዛሉ። አንድ ተጫዋች አምስት ስፔድና አራት ሃርት እንዳለው ካወቅክ የቀሩት አራት ካርታዎች ናቸው፤ ሦስት ዳይመንድ ሲጥል ካየህ ክለቡ ከአንድ አይበልጥም። የተሸፈነው እጅ በዚህ ዓይነት ቀስ በቀስ ይገለጥልሃል። ይህ መጀመሪያ የገባኝ ቀን የተሰማኝን ደስታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ወደ ጨረታው ልመለስ፤ ያንተ ጥያቄ ስለ እሱ ነበርና። የጨረታ ቋንቋ በጣም ጠባብ ነው፦ ከአንድ እስከ ሰባት ያሉ ቁጥሮች፣ አራቱ ዓይነቶች፣ ያለ ገዥ፣ ማለፍ፣ እጥፍና የእጥፍ እጥፍ። አሥራ አምስት ቃል ብቻ! በዚህ ቋንቋ 13 ካርታህን ለአጋርህ ማስረዳት አለብህ። ስለዚህ አንዳንዱ ጨረታ ሰምና ወርቅ ይኖረዋል። አጋርህ «አንድ ያለ ገዥ» ብሎ ሲከፍት አንተ «ሁለት ክለብ» ብትል፣ ስቴይማን በሚባለው ስምምነት ስለ ክለብ እያወራህ አይደለም፤ «አራት ሃርት ወይም አራት ስፔድ አለህ?» ብለህ እየጠየቅክ ነው። ከቅኔው የሚለየው ወርቁን ከተቃራኒዎችህ መደበቅ አለመቻልህ ነው፤ ከጠየቁ የመስማት መብት አላቸው።

ችግሩ ሰምና ወርቅ ሁለት ሰሚ የሚፈልግ መሆኑ ነው። አንድ ቀን አጋሬ «አንድ ያለ ገዥ» ከፈተ። እኔ ስድስት ሃርት ይዤ «ሁለት ዳይመንድ» አልኩ፤ በተስማማነው መሠረት «ሃርት አለኝ፣ ወደዚያ ተሻገር» ማለት ነበር። እሱ በዚያ ሳምንት አምስት አዳዲስ ስምምነቶች ሲያጠና ሰንብቶ ይህንን ዘነጋውና አለፈ። በሁለታችን እጅ አምስት ዳይመንድ ብቻ ይዘን ዳይመንድን ገዥ አድርገን ተጫወትን። ከዚያ በኋላ ሁለታችን ተቀምጠን ዝርዝራችንን ሰረዝነው። ስቴይማን፣ ይህ ማሻገሪያ፣ አስ ለመጠየቅ ብላክውድ፤ እነዚህ ሦስቱ ቀሩ። ለአንድ ዓመት በእነሱ ብቻ ተጫወትን፤ ውጤታችን ከፍ ያለውም በዚያው ዓመት ነው።

ይልቅ ጊዜህን በዚህ ላይ አውለው፦ እስከ የት ልውጣ የሚለው ፍርድ። አሜሪካዊው ሃሮልድ ቫንደርቢልት በ1925 እ.ኤ.አ. በቀረጸው የዛሬው ብሪጅ፣ ወደ ጌም (ትልቅ ጉርሻ ወደሚያስገኘው የውል ደረጃ) የሚቆጠርልህ የተዋዋልከው ብቻ ነው። አሥር ዙር ብታሸንፍም ጨረታው ላይ በሁለት ስፔድ ከቆምክ የጌሙን ጉርሻ አታገኝም። አስ 4፣ ንጉሥ 3፣ ንግሥት 2፣ ጃክ 1 ብለህ ስትቆጥር ጠቅላላው 40 ነው፤ በሁለታችሁ እጅ 25 ያህል ካለ ጌም ሞክር። ክለብና ዳይመንድ ለጌም 11 ዙር ስለሚጠይቁ፣ ዘጠኝ ብቻ የሚጠይቀውን «ሦስት ያለ ገዥ» አስቀድመህ አስበው።

ስለ መከላከል ማንም ጀማሪ አይጠይቅም፤ አንተም አልጠየቅክም። ነገር ግን ቁጭ ብለህ አስላው፦ ከአራት እጅ በአማካይ አንዱን ባለውል ሆነህ ትጫወታለህ፣ በአንዱ ዱሚ ሆነህ ትቀመጣለህ፣ በሁለቱ ትከላከላለህ። ካርታ ከምትጥልባቸው እጆች ሁለት ሦስተኛው መከላከል ነው! የአጋርህን የመጀመሪያ ካርታ እንደ ደብዳቤ አንብበው። ያለ ገዥ ሲሆን አጋርህ ከረጅሙ ዓይነት ከላይ አራተኛውን ካርታ መዘዘ እንበል፤ 6 ነው። ከ11 ላይ 6 ቀንስ፤ አምስት። ከ6 የሚበልጡ አምስት ካርታዎች በዱሚው፣ በአንተና በባለውሉ እጅ አሉ ማለት ነው። ሁለት ዱሚው ላይ፣ ሁለት በአንተ እጅ ካየህ ባለውሉ አንድ ብቻ አለው። ይህን ስሌት አንድ ሳምንት ብትለማመደው ከአንድ አዲስ ስምምነት ይልቅ ብዙ ዙር ያመጣልሃል።

ስለ አጋርህ የጻፍከው ግን አሳስቦኛል። ከተሸነፋችሁበት እጅ ሁሉ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ትከራከራላችሁ ብለሃል። ይህን ዛሬውኑ አቁሙት። እኔም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየእጁ የሚቆጣ አጋር ነበረኝ፤ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ቁጣውን እየፈራሁ ስለምጫወት የራሴን ቆጠራ ረስቼ የእሱን ፊት ስመለከት አመሽ ነበር። የተቆጣ ሰውም፣ የተቆጡት ሰውም ቀጣዩን እጅ በደንብ አይጫወቱም። አሁን ከአጋሬ ጋር ያለን ደንብ ጨዋታው እስኪያልቅ ስለ አለፈ እጅ አንድም ቃል አለመናገር ነው። ሲያልቅ ሻይ ይዘን ሦስት እጅ ብቻ እንመርጣለን።

ለእነዚህ ሦስት እጆች ደብተር አለኝ። በየገጹ ሦስት ዓምድ አስምሬ፣ ዙር ያጣሁበትን ምክንያት ከሦስቱ በአንዱ ሥር እጽፋለሁ፦ «አልቆጠርኩም»፣ «ከአጋሬ ጋር አልተግባባንም»፣ «ምንም ማድረግ አልችልም ነበር»። የመጀመሪያው ዓመት ደብተሬ ላይ የመጀመሪያው ዓምድ ሞልቶ በጀርባው ተሻግሯል። «አዲስ ስምምነት ባውቅ ኖሮ» የሚል ዓምድ ሳያስፈልገኝ ነው ዓመቱ ያለቀው።

አጋርህ የማይመችበት ቀን በኢንተርኔት ብሪጅ ቤዝ ኦንላይን ላይ ከኮምፒውተር ጋር መጫወት ትችላለህ። ጥቅሙ እጁ ካለቀ በኋላ አራቱንም ወገን ገልጦ ማሳየቱ ነው። በጨዋታው መካከል «በቀኜ ያለው አራት ክለብ አለው» ብለህ ወረቀት ላይ ጻፍ፣ ሲያልቅ ገልጠህ አስተያይ። ፍጥነቱ እንዳይወስድህ ብቻ ተጠንቀቅ፤ በቀን ስድስት እጅ በጥሞና ይበቃል።

የሚቀጥለው ውድድር ላይ የሚፈርስብህን የመጀመሪያ ውል አራቱንም እጅ፣ ጨረታውንና የመጀመሪያውን ካርታ ጨምረህ ጻፍልኝ። ዱሚው ሲዘረጋ ስንት እርግጠኛ ዙር እንደቆጠርክም አብረህ ጻፈው፤ ከዚያ እንጀምራለን።