ለወራት የተዘጋ የንቅሳት ስቱዲዮ ሲከፈት ምን ይቅደም?

ጠያቂያችን በኮቪድ ምክንያት ለአራት ወራት ተዘግቶ የቆየውን የንቅሳት ስቱዲዮዎን ሊከፍቱ መሆኑን ገልጸው፣ በር ላይ ሳኒታይዘር ማስቀመጥና ወንበሩን በየሰዓቱ በአልኮል መወልወል ይበቃ እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም ከረጅም መዘጋት በኋላ ሥራ የጀመርኩ ነቃሽ ነኝና መልሴ አይበቃም የሚል ነው፤ ምክንያቱም በደም የሚተላለፈው የቀድሞው አደጋ አሁንም አለ፣ ሳይሠራ የከረመ ዕቃ ደግሞ ያባብሰዋል።

ከሁሉ አስቀድመው ኦቶክሌቩን፣ ማለትም ዕቃ በግፊት እንፋሎት ከጀርም የሚያጸዳውን ማሽን፣ ይፈትሹ። እኛ በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ አስነሥተነው፣ በከረጢቱ ላይ ያለው ምልክት ቀለሙን ሲቀይር ጊዜ ደህና ነው ብለን ነበር፤ ነገር ግን የስፖር ምርመራው (ሙቀት የሚቋቋም ባክቴሪያ ማሽኑ ውስጥ አስገብቶ መሞቱን የሚያረጋግጠው) ውጤት ከሁለት ቀን በኋላ ሲደርስ ባክቴሪያው አልሞተም። የማሽኑን በር ዙሪያ ጎማ በጣቴ ስዳስሰው ደርቆ ነበር፤ በታችኛው ጎኑም እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አገኘሁ። የቀለሙ ለውጥ የሚናገረው ከረጢቱ ሙቀት እንዳገኘ ብቻ ነው፤ ውስጡ ያለው ዕቃ ንጹሕ ስለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ ጎማው ተቀይሮ ምርመራው እስኪያልፍ ድረስ ቀጠሮዎቹን ሁሉ አራዘምን፤ ገቢው ቢቀርብንም ዛሬም ትክክል እንደነበርን አምናለሁ። መርፌውም መያዣውም አንድ ጊዜ ተሠርቶበት የሚጣል ከሆነ ግን ይህ ጭንቀት ይቀልልዎታል።

ከመዘጋቱ በፊት የተከፈተ ቀለም ይጣል። በቧንቧው ውስጥ የቆመው ውኃም በትንፋሽ ገብቶ ሳንባን የሚያሳምመውን ሌጂዮኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ሊያፈራ ስለሚችል፣ መስኮት ከፍተው በደንብ ያፍስሱት፤ ቀለም ለማቅጠን ግን የቧንቧ ውኃ መቼም አይነካም።

አልኮልን በተመለከተ፣ ወንበሩን ወልውለው ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ካበሱት ልፋትዎ ከንቱ ነው፤ መድኃኒቱ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ያህል እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። ደም ከፈሰሰ፣ ሄፓታይተስ ቢ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ስለሚችል፣ መጀመሪያ ደሙን ያንሡና ከዚያ 5 በመቶ የሆነውን በረኪና አንዱን እጅ በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጠው ይጠቀሙ፤ የተበጠበጠውም ለነገ አይደር።

እውነቱን ለመናገር በጥያቄዎ ውስጥ ያጣሁት ዋናው ነገር አየሩ ነው። ኮቪድ በአብዛኛው የሚተላለፈው በትንፋሽ ነው፣ የእኛ ሥራ ደግሞ ከደንበኛው ፊት ክንድ በማይሞላ ርቀት ለሦስትና ለአራት ሰዓት ያስቀምጠናል። ስለዚህ በተቃራኒ አቅጣጫ ያሉ ሁለት መስኮቶችን ይክፈቱ፤ ይህ ካልተቻለ ለክፍሉ ስፋት የሚመጥን ሄፓ ማጣሪያ (በአየር ላይ ያሉ ጥቃቅን ነገሮችን የሚይዝ የአየር ማጣሪያ) ያስገቡ፤ በሁለት ደንበኞች መካከልም ክፍሉ ባዶውን የሚናፈስበት ጊዜ ይተዉ። ሁለታችሁም አፍና አፍንጫን ገጥሞ የሚሸፍን ማስክ አድርጉ፤ ማስክ የሚያስወልቀውን የከንፈርና የአፍንጫ አካባቢ ሥራም ለሌላ ጊዜ ያቆዩት።

በመጨረሻ የቀብድ ደንባችሁን ቀይሩ። ትኩሳት ይዞት የቀረ ደንበኛ ቀብዱ የሚቀርበት ከሆነ ሕመሙን ደብቆ ይመጣል፤ እኛ ቀብዱ ለሚቀጥለው ቀጠሮ እንዲያዝለት ካደረግን በኋላ ግን ሰዎች ገና ከቤታቸው ሳይወጡ እየደወሉ «ዛሬ ጉሮሮዬን አሞኛል» ይሉን ጀመር።