ቁልፉ ይገባል፣ አይዞርም

ጥያቄ፦ የምነዳው የ1994 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ነው። የሾፌሩ በር ቁልፍ እስከ መጨረሻው ይገባል፤ ነገር ግን ወደ ቀኝም ወደ ግራም አይዞርም። ያው ቁልፍ ሞተር ያስነሳል፤ እምብዛም የማንጠቀምበትን የተሳፋሪውን በርም ያለ ችግር ይከፍታል። ከሁለት ወር በፊት መጥበቅ ሲጀምር ጎረቤቴ ጥቂት የሞተር ዘይት አንጠባጥቦበት ለአንድ ሳምንት ያህል ተሽሎት ነበር። አሁን ደግሞ «በፒንሳ ይዘህ አዙረው» ይለኛል። ቁልፍ የሚሠራ ሰው ዘንድ ብሄድ የሁሉም በሮች ቁልፍ መቀየር አለበት አለኝ። የማንን ልስማ?
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድመው ፒንሳውን ለጎረቤትዎ ይመልሱልን። ቁልፍ በጉልበት ሲጠመዘዝ አንገቱ ላይ ይሰበራል፤ ስባሪው ውስጥ ከቀረ ደግሞ በግማሽ ሰዓት ያልቅ የነበረው ሥራ በር ወደ ማስፈታት ይሄዳል።

በደብዳቤዎ ውስጥ ዋናውን ፍንጭ የሰጠን የተሳፋሪው በር ነው። ብዙ ሰው «ሞተር እስካስነሳ ድረስ ቁልፉ ደህና ነው» ይላል፤ ይህ ግን በቂ ማስረጃ አይደለም፤ በየቀኑ የሚዞረው የሞተር ማስነሻ ከቁልፉ ጋር አብሮ እየተበላ ስለሚሄድ ጥርሱ ያለቀ ቁልፍ እንኳ ሊያዞረው ይችላል። እምብዛም የማይነካው የተሳፋሪው በር ግን ውስጡ ብዙም ስላልተበላ፣ የቁልፉ ጥርስ አልቆ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ እምቢ የሚለው እሱ ነበር። ስለዚህ ቁልፉን ነጻ አድርገነዋል። የምንጠረጥረው ዘይቱን ነው።

በበሩ ቁልፍ ሲሊንደር ውስጥ ስስ የብረት ቅጠሎች በተርታ ቆመዋል፤ እያንዳንዱን ቅጠል ትንሽ ሞላ ይገፋዋል። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ቅጠሎቹ በሙሉ ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ አንዱ እንኳ የፀጉር ያህል ወጣ ብሎ ከቀረ ሲሊንደሩ አይዞርም። የሞተር ዘይት ለጥቂት ቀን ያለሰልሳል፤ ቀስ በቀስ ግን አቧራ እየሰበሰበ ሊጥ የመሰለ ጥቁር ዝቃጭ ይሆንና ቅጠሎቹን ካሉበት ያጣብቃቸዋል። የአዳማን የበጋ አቧራ ለእርስዎ መንገር አያሻንም።

መፍትሔው ማጠብ ነው። ደብሊውዲ 40 ወይም የኤሌክትሪክ ዕቃ ማጽጃ ስፕሬይ ይግዙ፤ ቀለሙ እንዳይነካ ከቀዳዳው ሥር ጨርቅ ይያዙና የቀዳዳዋን ትንሽ ክዳን በስፕሬዩ ቀጭን ቱቦ ገፋ አድርገው በደንብ ይርጩ። ከዚያም ቁልፉን ሳያዞሩ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ያስገቡት፣ ያውጡት፤ በወጣ ቁጥር በነጭ ጨርቅ ይጥረጉት። መጀመሪያ ጨርቁ ላይ የሚቀረው እድፍ ያገለገለ የሞተር ዘይት ይመስላል፤ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ እየረጩ ይደጋግሙት። በመጨረሻ ቁልፉን በሁለት ጣት ብቻ ይዘው ወዲህና ወዲያ በቀስታ ይሞክሩ፤ የሲሊንደሩን ፊት በካቻቪቴ እጀታ ቀለል አድርጎ መታ መታ ማድረግም የተጣበቀውን ቅጠል ያላቅቃል። ማጽጃዎቹ በቀላሉ ስለሚቀጣጠሉ ሲጋራም ክብሪትም አጠገብዎ አይኑር። ሲደርቅ ጥቂት የግራፋይት ዱቄት ይጨምሩበት፤ ካጡ የቁልፉን ጥርስ በለስላሳ እርሳስ ግራና ቀኝ አጥቁረው ደጋግመው ያስገቡት። ዘይት ግን ከእንግዲህ አይቅረበው።

ይህ ሁሉ ካልረዳ መካኒክዎ የበሩን የውስጥ ሽፋን ያንሳና ከሲሊንደሩ ጀርባ ያለችውን ዘንግ ያላቅቃት። ያኔ ቁልፉ እንደ ልብ ከዞረ ጥፋቱ በበሩ መያዣ ማሽን ላይ ነው ማለት ነው፤ እሱ ተጠርጎ ግራሶ ይቀባል፤ ግራሶ እዚያ ይፈቀዳል። አሁንም ካልዞረ ሲሊንደሩ ይወጣል። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ሲሊንደር ቢገዙ ከራሱ ቁልፍ ጋር ስለሚመጣ ሁለት ቁልፍ ይዘው ይዞራሉ፤ የሠለጠነ ቁልፍ ሠሪ ግን ቅጠሎቹን አውጥቶ በነባሩ ቁልፍዎ ልክ ሊደረድራቸው ይችላል። ሁሉንም መቀየር የሚያስፈልግበት ምክንያት አልታየንም።

ጥያቄ፦ ቪትዜን ለዓመታት የከፈትኩት በሪሞት ብቻ ነው። ባለፈው የመኪናው ባትሪ ወርዶ በቁልፍ ልክፈት ብል አልዞር አለኝ።
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ያልተነካ ሲሊንደርም በአቧራና በእርጥበት ይደርቃል፤ ከላይ የተጻፈው አስተጣጠብ ለእርስዎም ይሠራል። ጉዳዩን ችላ አይበሉት፤ በሩ ካልተከፈተ የኮፈኑን መክፈቻ መሳብ አይቻልም፤ ኮፈኑ ካልተከፈተ ደግሞ ባትሪው ዘንድ አይደረስም። ከታጠበ በኋላ በወር አንድ ቀን በሪሞቱ ፋንታ በቁልፉ ይክፈቱት፤ ማስጠንቀቂያው ከጮኸብዎ ሪሞቱን ተጭነው ዝም ያሰኙት።