ጥያቄና መልስ፦ የድሮ ስፖርት መኪና ፓወር ስቲሪንግ ሲደክም

ሰላም ለሁላችሁም። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምመልስ አንድ ላይ ይሁን ብዬ ነው፣ የድሮ ስፖርት መኪና ያላችሁ ስለ መሪያችሁ የፈለጋችሁትን ጠይቁ። የማወራው በዘይት ግፊት ስለሚሰራው ነው፣ የኤሌክትሪኩ ሌላ ወሬ ነው። አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ ልለምናችሁ፣ የደከመው የቱ እንደሆነ ሳታውቁ እቃ አትግዙ። ዘይቱም ፖምፓውም ራኩም (የመሪ ሳጥኑ) የእግር መገጣጠሚያዎቹም ሲደክሙ የየራሳቸው ምልክት አላቸው።

ጥያቄ፦ መሪዬ በጣም ከበደኝ፣ መካኒኩ ፖምፓው አልቋል ቀይረው አለኝ። ልግዛ?

ቆይ ወንድሜ አትግዛ። መጀመሪያ የፊት ጎማህን ንፋስ ለካ፣ ጎማው ከፋብሪካው ልክ የሰፋ ከሆነም እሱ ራሱ ያከብዳል። ከዛ ፊቱን በክሪክ አንሳና ጠንካራ ማቆሚያ አስገባ፣ ሞተር ሳታስነሳ መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙረው። ጎማው አየር ላይ ሆኖም ከከበደህ ወይ የሆነ ቦታ ላይ ያዝ ለቀቅ ካረገህ ችግሩ ዘይቱ ጋ አይደለም፣ የደረቀ ቦል ጆይንት ወይ የሾክ የላይኛው ኩሽኔታ ወይ ደሞ ከመሪው ወደ ራኩ የሚወርደው ዘንግ ላይ ያለችው ክሮቸራ (የዘንጉ መታጠፊያ መገጣጠሚያ) ናት። ክሮቸራዋ ብዙ ድሮ መኪና ላይ ከማርሚታው ቱቦ አጠገብ ስለምታልፍ ግሪሷ ደርቆ ትዝጋለች፣ ማንም አያያትም።

እዛ ላይ ቀላል ከሆነልህ ቺንጋውን (ፖምፓውን የሚያዞረውን ቀበቶ) እይ፣ ከዛ በኋላ ነው ጌጅ የሚመጣው። ከፖምፓው በሚወጣው የግፊት ቱቦ መሃል መዝጊያ ያለው ጌጅ ይገባል፣ ሞተሩ እየሰራ መዝጊያውን ትዘጋለህ። ግፊቱ ፋብሪካው ወዳስቀመጠው ቁጥር ከወጣ (ብዙ መኪና ላይ ከ70 እስከ 100 ባር አካባቢ ነው፣ የራስህን ማኑዋል እይ) ፖምፓው ጤነኛ ነው፣ ግፊቱ የሚጠፋው ራኩ ውስጥ ነው ማለት ነው። ካልወጣ መካኒክህ ልክ ነው። ግን ከ5 ሰከንድ በላይ ዘግተህ እንዳትቆይ፣ ጤነኛውን ፖምፓ እዛው ታቃጥለዋለህ።

ደሞ ወደ አንድ ጎን ብቻ ከሆነ የሚከብድህ ፖምፓውን እርሳው። ፖምፓ ግራና ቀኝ አያውቅም፣ ዘይቱን ወዴት እንደሚልክ የሚወስነው ራኩ ላይ ያለው ቫልቭ ነው።

ጥያቄ፦ የኔ ደግሞ ጠዋት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው የሚከብደው፣ ትንሽ ከነዳሁት በኋላ ምንም እንዳልነበረ ይሆናል። ዘይት ልቀይር?

ዘይቱ አሮጌ ከሆነ ቀይረው፣ አይጎዳም፣ ግን ይሄ ምልክት ብዙ ጊዜ የቫልቩ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፣ መሪውን ስታዞር መሪውና ፒኞኑ (ራኩን የሚገፋው ትንሹ ጥርስ) መሃል ያለች ቀጭን ዘንግ በትንሹ ትጠመዘዛለች፣ ያቺ መጠምዘዝ ቫልቩን ትከፍትና ዘይቱ የራኩ ፒስተን ወደሚገፋበት ጎን ይሄዳል። ቫልቩ ዙሪያ የቴፍሎን ቀለበቶች አሉ፣ እነሱ የሚሽከረከሩበት ቤት አልሙኒየም ከሆነ ከዓመታት በኋላ ቀለበቶቹ ቤቱን ቦይ ቦይ አርገው ይቆፍሩታል። ሲቀዘቅዝ ዘይቱ በቦዩ ያመልጣል፣ ሲሞቅ ደሞ ቀለበቶቹ ቦታቸውን ይይዙና ይገጥማል። በ1980ዎቹ የጀነራል ሞተርስ መኪኖች ላይ በጣም የታወቀ በሽታ ነበር። ቀለበት ብቻ መቀየር አያድነውም፣ ቦዩ እዛው ነው ያለው፣ ወይ ቤቱ የብረት ካሚቻ (ውስጡን የሚሸፍን ቱቦ) ይገባበታል ወይ ካሚቻ የገባለት የታደሰ ራክ ትፈልጋለህ። ሲያስታድሱልህ ካሚቻ አስገብታችኋል ወይ ብለህ ጠይቅ፣ አዎ ካላሉህ ተመልሶ ይመጣብሃል።

ጥያቄ፦ ሳዞር ያለቅሳል፣ ዘይቱ ግን ሙሉ ነው። ጠብታም መሬት ላይ የለም።

ሞተሩ እየሰራ የዘይት ማጠራቀሚያውን ክዳን ክፈትና ዘይቱን እየው። አረፋ ካለው ወይም ነጣ ብሎ ከደፈረሰ አየር እየገባበት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አየር የሚገባበት ቦታ ዘይትም ማፍሰስ አለበት ብሎ ስለሚያስብ ነው፣ ከማጠራቀሚያው ወደ ፖምፓው የሚሄደው ቱቦ ግን የሚስብ እንጂ የሚገፋ አይደለም፣ ስለዚ ማሰሪያው ከላላ ወይም ኦሪንጉ ከደረቀ አየር ይስባል ዘይት ግን አያፈስም። ቱቦውንና ኦሪንጉን ቀይር፣ ትንሽ እቃ ነው። ሌላው ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለችው ወንፊት ናት፣ ከተደፈነች ፖምፓው ይራባል። አንዳንዱ መኪና ላይ ወንፊቷ ለብቻዋ አትወጣም፣ ከነማጠራቀሚያው ነው የሚቀየረው።

ሳታዞርም ከሞተሩ ፍጥነት ጋር የሚወጣና የሚወርድ ጉርምርምታ ከሆነ የፖምፓው ኩሽኔታ ነው። ዳር ላይ ስታደርሰው ብቻ የምትሰማው ፉጨት ግን ጤነኛ ነው፣ ትርፍ ግፊቱን የሚለቀው ቫልቭ ነው፣ ብቻ እዛ ላይ ይዘኸው አትቆይ።

ጥያቄ፦ ምን ዘይት ነው የምጨምረው? ቀይ ነው አረንጓዴ?

ክዳኑ ላይ ወይ ማኑዋሉ ላይ የተጻፈውን፣ ሌላ መልስ የለኝም። ብዙ ድሮ ስፖርት መኪና ቀዩን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት (ዴክስሮን) ይጠቀማል፣ አንዳንድ የጀርመን መኪኖች ደሞ አረንጓዴውን ሲኤችኤፍ፣ ሆንዳ የራሱ አለው። ሁለቱን አታደባልቁ፣ የአንዱ ጎማ ፓራሊዮ (ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘው ቀለበት) ለሌላው ዘይት አልተሰራም። ከመግዛታችሁ በፊት የነበረው ባለቤት ምን እንደጨመረ ካላወቃችሁ ደሞ ሁሉንም አጥባችሁ ከዜሮ ጀምሩ።

ጥያቄ፦ ማፍሰሻውን ያቆማል የሚባለው ፈሳሽ ይሰራል?

ፓራሊዮውን ያሳብጠዋል፣ ለጥቂት ጊዜ ያቆማል፣ ከዛ በባሰ ይመለሳል። ሊሸጥ የቆመ መኪና ላይ ሰዎች ያረጉታል፣ እኔ ስፖርት መኪና ላይ እንዲገባ አልፈልግም። የሚያፈሰው የግፊት ቱቦው ከሆነማ ፈጽሞ አይሞከርም፣ ያ ዘይት በግፊት ተረጭቶ የጋለ ማኒፎልድ ላይ ካረፈ እሳት ነው። የግፊት ቱቦ በተራ ማሰሪያ አይጠገንም፣ የሃይድሮሊክ ቱቦ የሚሰሩ ሰዎች ጋ ወስዳችሁ ጫፉን በማሽን ያስጨንቁት። ስትገጥሙም የመዳብ ሮንደላዎቹን አዲስ አርጉ፣ ያረጀው አንዴ ተጨፍልቋል።

ጥያቄ፦ ራኩን ራሴ መፍታትና ፓራሊዮ መቀየር እችላለሁ? ኪቱን (የፓራሊዮና የቀለበት ስብስቡን) አግኝቻለሁ።

ይሄንን ጥያቄ ወድጄዋለሁ፣ ምክንያቱም መልሱ ኪቱ ላይ ሳይሆን ዘንጉ ላይ ነው። መጀመሪያ ከራኩ ግራና ቀኝ ያሉትን የጎማ ሽፋኖች ገልጠህ እያቸው። ውስጡ ዘይት ካለ ፓራሊዮው አልቋል። ሽፋኑ የተቀደደ ከሆነ ግን ውሃና አቧራ ገብቷል ማለት ነው፣ ያኔ መሪውን ወደ ዳር አዙረህ የወጣውን ዘንግ ጠርገህ ጥፍርህን በርዝመቱ አስሂድበት። ጥፍርህ የሚይዘው ጉድጓድ ወይ ጭረት ፓራሊዮው በሚሄድበት ቦታ ላይ ካለ አዲሱን ፓራሊዮ በአጭር ጊዜ ይበላዋል፣ ያን ሁሉ ድካም በከንቱ ነው። ለስላሳና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ቀጥል።

ስትፈታ ንጽህና ከምንም በላይ ነው፣ ከውጭ ያለውን ጭቃ ሳታጥብ አንዲት ብሎን እንዳትነካ። የቴፍሎን ቀለበቶቹን ለማስገባት ትሰፋቸዋለህ፣ ከዛ ወደ ልካቸው እስኪመለሱ አጥብቀህ ይዘህ ማቆየት አለብህ፣ እንደሰፉ ከገቡ ይቆረጣሉ። ፓራሊዮውን በጥርሱ ላይ ስታሳልፍ ደሞ ጥርሱን በቀጭን ፕላስቲክ ሸፍነው፣ ያለዛ ከንፈሩን እዛው ትሰነጥቀዋለህ። ኪት ገዝተው ራኩ እንደገና ያፈሰሰባቸው ብዙዎች እዚች ጋ ነው የተሸነፉት፣ ኪቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም።

ፖምፓውም ከሆነ የሚወጣው፣ ፑሌጃውን (ቺንጋው የሚዞርበትን ክብ) በመዶሻ አትምታው፣ ማውጫው አለ። መዶሻ ዘንጉንና ውስጡ ያሉትን ቅጠሎች ይጎዳል። ደሞ አሮጌው ፖምፓ ብረት እየፈጨ ከሞተ ቱቦዎቹን ሁሉ አጥብ፣ ብናኙ አዲሱን ፖምፓ አልፎ ራኩ ቫልቭ ውስጥ ይገባል።

ጥያቄ፦ ቀጥ ብዬ ስነዳ መሪው መሃል ላይ ይጫወታል። ራኩ ላይ ያለችውን ማስተካከያ ዳዶ ላጥብቃት?

እህቴ ቀስ በይ። መጀመሪያ ሌላ ሰው ሞተር ጠፍቶ መሪውን ትንሽ ትንሽ ወዲህ ወዲያ ያርግልሽ፣ አንቺ ስር ሆነሽ የትኛው እንደሚዘገይ እይ። ቴስቲናዎቹ (ራኩን ከጎማው ጋ የሚያገናኙት ጫፎች)፣ ራኩ የታሰረበት ጎሚኒ (የጎማ ትራስ)፣ ዘንጉ ላይ ያለው የጎማ ማያያዣ፣ ብዙ ጊዜ ከነዚህ አንዱ ነው። ጎሚኒው ካለቀ ራኩ በሙሉ ወደ ጎን ሲሄድ በዓይንሽ ታዪዋለሽ።

እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ ነው ዳዶዋ የምትነካው። የራክ ጥርስ መሃሉ ላይ ነው የሚያልቀው፣ አብዛኛውን ጊዜ የምንነዳው ቀጥ ብለን ስለሆነ። ዳሩ ግን ገና አዲስ ነው። ስለዚ መሃሉን እስኪጠብቅ ካጠበቅሽው ዳር ላይ ይነክሳል፣ ከታጠፍሽ በኋላ መሪው በራሱ አይመለስም፣ እሱ ደሞ ከመጫወቱ የባሰ አደገኛ ነው። በጣም በትንሹ አጥብቂና ከዳር እስከ ዳር ያለ ምንም መያዝ መዞሩን አረጋግጪ፣ ከያዘ መልሺው። እንዲያም ሆኖ መሃሉ ከተጫወተ ራኩ አልቋል በቃ።

ጥያቄ፦ የ1970ዎቹ ኮርቬት ነው ያለኝ፣ በየቦታው ያፈሳል፣ ራክም የለውም።

ልክ ነህ፣ ከ1963 እስከ 1982 የወጡት ኮርቬቶች ሌላ አይነት ናቸው። የመሪ ሳጥኑ ተራ ነው፣ እርዳታው የሚመጣው ከውጭ ከታሰረ ሲሊንደርና ከመቆጣጠሪያ ቫልቭ ነው፣ ሁለቱን የሚያገናኙ ቱቦዎችም አሉ፣ ስለዚ የሚያፈስበት ቦታ ብዙ ነው። ሲሊንደሩም ቫልቩም በኪት ይታደሳሉ፣ ከራክ ይቀላል። ከታደሰ በኋላ ሞተር ሲነሳ መሪው በራሱ ወደ አንድ ጎን ከሄደ አትደንግጥ፣ ቫልቩ ጫፍ ላይ ማመጣጠኛ ዳዶ አለች፣ ጎማው አየር ላይ ሆኖ መሪው ዝም እስኪል በሷ ታስተካክላለህ። ብዙ ሰው ሁሉንም ጥሎ አንድ ወጥ የሃይድሮሊክ ሳጥን ይቀይርበታል፣ አሪፍ ይነዳል፣ ግን መኪናው ያልተነካካ ከሆነ እኔ ብሆን የራሱን አድስለት ነበር።

ጥያቄ፦ ቶዮታ ኤምአር2 ሁለተኛው ሞዴል፣ በድንገት መሪው ድንጋይ ሆነ።

ያንተ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ፖምፓው ፊት ለፊት ያለ በኤሌክትሪክ የሚዞር ነው፣ ቺንጋ የለውም። በድንገት ከሆነ ዘይት ከመንካትህ በፊት ፊውዙን፣ ሪሌውን፣ የምድር ሽቦውንና ሶኬቶቹን እይ።

ጥያቄ፦ ለምን ጭራሽ አላወጣውም? ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ላይ ቱቦውን ቆርጠው የሚያገናኙ አይቻለሁ።

ይቻላል፣ ቀላል መኪና ስለሆነ በእጅም ይዞራል፣ የመንገዱም ስሜት ደስ ይላል። ግን ቆርጦ ማገናኘት ብቻ ግማሽ ስራ ነው። ፒስተኑ ላይ ያለው ፓራሊዮ እስካለ ድረስ ባዞርክ ቁጥር አየርና ዘይት እየገፋህ ነው፣ ራኩ ተፈቶ እሱ ወጥቶ ውስጡ በደንብ ግሪስ መቀባት አለበት፣ አለዛ ይዝጋል። የቅድሟ ቀጭን ዘንግም እዛው ስላለች መሃል ላይ ትንሽ ላላ ያለ ስሜት ይቀራል። እሱን ለማጥፋት ፒኞኑን የሚበይዱ አሉ፣ ብየዳው የሚያዘው ጎማህን ነውና ለማንም በያጅ አትስጠው። የመጀመሪያው ሞዴል ያለ ፓወር ከፋብሪካ የሚወጣ ራክም ነበረው፣ እሱ ከዳር እስከ ዳር 3.3 ዙር ነው፣ የፓወሩ 2.8። ፓወሩን ብታወጣ ፈጣኑን ግን ከባዱን ትይዛለህ፣ ሲቆም ስታዞር ይታወቅሃል። ምርጫው ያንተ ነው።

ጥያቄ፦ ሁሉንም ቀየርኩ፣ አየሩ ግን አልወጣ አለኝ።

ሞተር አስነስተህ እያዞርክ ከሆነ ፖምፓው አየሩን ከዘይቱ ጋ እየመታ አረፋ ነው የሚያረገው። የፊት ጎማዎችን አንሳ፣ ሞተር ይጥፋ፣ ክዳኑ ይከፈት፣ ቀስ ብለህ ከዳር እስከ ዳር ደጋግመህ አዙር፣ ዘይቱ ሲወርድ ጨምር። አረፋ መውጣቱ ሲያቆም ብቻ አስነሳና በዝግታ ድገም። አሁንም ካለቀሰ ጠፍቶ ይደር፣ ትንንሾቹ አረፋዎች በራሳቸው ይወጣሉ።

ጥያቄ፦ ራኩን ቀይሬ መሪው ተጣመመ፣ የኤርባግ መብራትም በራ።

ራኩ ተፈቶ ሳለ መሪው በነጻ ዞሯል ማለት ነው። ከመሪው ስር የኤርባጉን ሽቦ የሚይዝ የተጠቀለለ ሪባን አለ፣ ካለ ልኩ ከዞረ ይበጠሳል፣ እሱን አስፈትሽ፣ ከመንካትህ በፊት ባትሪውን ንቀል። ሌሎቻችሁ ከመፍታታችሁ በፊት መሪውን በቀበቶ እሰሩት፣ አዲሱን ራክ ደሞ ከዳር እስከ ዳር ያለውን ዙር ቆጥራችሁ ግማሹ ላይ አርጋችሁ ግጠሙ። የተጣመመውን መሪ ነቅለህ የዘንጉን ጥርስ አሳልፈህ በመግጠም አታስተካክለው፣ ራኩ ከመሃሉ ውጪ ይቀርና ወደ አንድ ጎን ያነሰ ትታጠፋለህ። በቴስቲናዎቹ ነው የሚስተካከለው፣ አላይመንት ቤት ስትሄድ መሪውን ቀጥ አርገው አስረው እንዲሰሩልህ ንገራቸው።