በከብት እርሻ ውስጥ በብስክሌት ለመንዳት ፈቃድ ለጠየቁት ወንድማችን

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ከደሴ ወርደው ኮምቦልቻ ዳርቻ ባለ የአንድ ባለሀብት የከብት ማድለቢያ እርሻ ውስጥ የሚያልፈውን ድንጋያማ መንገድ በተራራ ብስክሌት ለመንዳት እንዳሰቡ ጽፈው፣ «ዘበኛው ስለሚያውቀኝ እሱ ከፈቀደልኝ ይበቃኛል ወይስ ሌላ ፈቃድ ያስፈልገኛል? ጎማስ ምን ዓይነት ይሻለኛል?» ብለው ጠይቀዋል። የእርሻውን ስም ባይጠቅሱም እኔ ከገባሁበት የተለየ አይመስለኝም። እኔም ከሦስት ዓመት በፊት በዘበኛ ቃል ተማምኜ ገብቼ ብስክሌቴ 11 ቀን ታስሮብኛል፤ ካሳም ከፍያለሁ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ቅን ሽማግሌ በእኔ ምክንያት እንጀራቸውን ሊያጡ ነበር። እርስዎ ያንን እንዳይደግሙት ስል በዝርዝር እጽፍልዎታለሁ። ሄልሜት ስለ ማድረግና ውሃ ስለ መያዝ የሚያውቁትን አልነግርዎትም።

አንደኛ፦ የዘበኛን ቃል እንደ ፈቃድ አይቁጠሩት። እኔ ከዘበኛው ጋር የተዋወቅኩት በሩ አጠገብ ካለው ጎጆ ቡና ሲያፈሉ ሰላምታ ሰጥቼ ባለፍኩበት ቀን ነው። ወሎዬ እንግዳ ማሳለፍ አይሆንለትምና ጠርተው ሲኒ ሰጡኝ፤ በሦስተኛው ሳምንት መንገዱን አይቼ ስጠይቃቸው «ግባ ልጄ፣ ማን ይከለክልሃል» አሉኝ። የተናገሩት ከልባቸው ነበር። ይሁን እንጂ እሳቸው የተቀጠሩት በሩን ለመጠበቅ እንጂ ሰው ለመፍቀድ አልነበረም፤ ይህን መገንዘብ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ነገር በተበላሸ ጊዜ የእርሻው ሥራ አስኪያጅ በሰው ፊት አቁሞ «ይህን ሰው አንተ ነህ ያስገባኸው?» ብሎ ሲጠይቃቸው ዝም አሉ፤ አንገታቸውን ደፉ። ሥራ አስኪያጁ በዕድሜ ልጃቸው ሊሆን ይችላል፤ አንቱ ለሚባል ሰው «አንተ» ማለቱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በእሳቸው ዝምታ ግን ቅር አላለኝም፤ ልጆች የሚያሳድጉ ሰው ናቸው፤ እዚያ ያቆምኳቸውም እኔ ነኝ።

ሁለተኛ፦ በር። ነገሩ የተበላሸው በዚህ ስለሆነ ረጋ ብለው ያንብቡት። በእርሻው ውስጥ የግጦሹን ክፍሎች የሚለያዩ ሰባት በሮች አሉ። አብዛኞቹ በር የሚባሉት ሦስት አራት የባሕር ዛፍ አጣና በእሾህ ሽቦ ተያይዞ፣ ዳር ላይ በሽቦ ቀለበት ከቋሚው ጋር የሚታሰር ነገር ነው። ሲከፍቱት መሬት ላይ ይዘረጋል፤ ሲዘጉት ደግሞ በትከሻዎ ገፍተው ሽቦውን ካልወጠሩት ቀለበቱ አይደርስም። ጊዜው የኅዳር መጨረሻ ነበር። ከሦስተኛው በር በታች ያለውን የድንጋይ አቀበት እግሬ መሬት ሳይነካ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጥቼው ስለነበር ደስታው ልቤን አሞቀው፤ በሩን ከፍቼ አለፍኩና «በግማሽ ሰዓት እመለሳለሁ» ብዬ እንደተዘረጋ ተውኩት። ስመለስ ዘጠኝ ጊደሮች በዚያ በኩል ወጥተው፣ የጎረቤት ገበሬ አጭዶ ከከመረው የጤፍ ነዶ ላይ ደርሰዋል። የበሉት ጥቂት ነው፤ የረገጡትና የበተኑት ግን ብዙ ነው። በወሎ ኅዳር ላይ የተከመረ ጤፍ ማለት ለገበሬው የዓመት ጉሮሮ መሆኑን ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም። እረኛው ልጅ እየጮኸ ሲሮጥ የሰማሁት ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው፦ ዝግ ያገኙትን በር ለአምስት ደቂቃ እንኳ ቢሆን ዘግተው ይለፉ፤ ክፍት ያገኙትንም ክፍት ይተዉት፤ ከብቶቹ ወደ ውሃ የሚወርዱት በዚያ ሊሆን ይችላልና።

ከገበሬው ጋር የነበረው ጉዳይ በአገር ሽማግሌ በአንድ ከሰዓት አለቀ። ይቅርታ ጠየቅኩ፣ 6,000 ብር ከፈልኩ፣ ገበሬውም ተቀበለኝ፤ ዛሬ በመንገድ ስንገናኝ ተሳስመን ነው የምናልፈው። ያላለቀው ብስክሌቴን ይዞ ካቆየው የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ጋር የነበረው ነው። ሽማግሌዎቹ ጉዳዩ በዕርቅ መፈጸሙን ጽፈው ፈርመው ሳለ፣ እኔ ከደሴ እየተመላለስኩ አራት ጊዜ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ። በአምስተኛው ቀን አንድ ሠራተኛ ከወረቀቱ ላይ ቀና ሳይል «ልጅ ወልደህ በሳይክል ትጫወታለህ?» አለኝ። ብስክሌት ለእኔ ጨዋታ አይደለም፤ በ43 ዓመቴ ከስኳር በሽታ ጋር ስታገል ሐኪሜ እንቅስቃሴ አድርግ ስላለኝ የጀመርኩት፣ ከዚያም የወደድኩት ነገር ነው። ይህን ልነግረው አፌን ስከፍት ሌላ ባለጉዳይ ጠራ።

ከዚያ ደግሞ የመሬቱ ጥያቄ መጣ። ጽሕፈት ቤቱ «መሬት የመንግሥት ስለሆነ ባለሀብቱ ሊፈቅድልህ አይችልም፤ ፈቃድ የምትጠይቀው እኛን ነው» አለኝ። እርሻው ደግሞ «በውል የያዝነው እኛ ስለሆንን ሌላ ማንም አያገባውም» አለ። እኔ በሁለቱ መካከል ስንከራተት ከሰነበትኩ በኋላ ሕግ የሚያውቅ ዘመዴ አስረዳኝ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይደነግጋል፤ ባለሀብቱ ያለው የመጠቀም መብት ነው። ሆኖም አጥሩም፣ በሩም፣ ከብቱም፣ የተከለው ሣርም የራሱ ነው፤ ወደ አጥሩ ውስጥ የሚገባ ሰው የእሱን እሺታ ማግኘት አለበት። ከአጥሩ ውጭ ያለው የእግር መንገድ ደግሞ ከቤት ወደ ማሳና ወደ ገበያ የሚመላለሱት ገበሬዎች መንገድ ነው፤ እዚያ ፈቃድ የሚያስገኘው ቀድሞ ሰላምታ መስጠትና አህያ የጫነ ሰው ሲመጣ ወርዶ ዳር መያዝ ነው።

ስለዚህ እርስዎ በቀጥታ ወደ ባለቤቱ ይሂዱ፤ ወደ ሥራ አስኪያጁ አይደለም። እኔ በመጨረሻ ባለቤቱን ያገኘኋቸው ኮምቦልቻ ውስጥ ሲሆን ጉዳዩን ሰምተው ለመጨረስ ሩብ ሰዓት አልፈጀባቸውም። ከባለቤቱ የሚቀበሉት የፈቃድ ደብዳቤ ማህተም ያለበት ይሁን፤ ስምዎን፣ የሚገቡበትን ቀንና ሰዓት፣ የሚያልፉባቸውን በሮች፣ ወድቀው ቢጎዱ ኃላፊነቱ የራስዎ መሆኑን፣ በእርስዎ ጥፋት ለሚደርስ ጉዳት እንደሚከፍሉ በግልጽ ይጻፍበት። አንዱን ኮፒ ለዘበኛው ይስጧቸው። ይህ ለእርስዎ ብቻ ሳይሆን ለእሳቸውም ነው፤ ያ ወረቀት በእጃቸው ቢኖር ኖሮ በዚያ ቀን አንገታቸውን አይደፉም ነበር።

ስለ ከብቶቹ አንድ ነገር ልጨምር። ከብት የሚፈራው ድምፅ ሳያሰማ ፈጥኖ የሚመጣን ነገር ነው። ከሩቅ ሆነው ድምፅ ያሰሙ፤ መንጋ መንገድ ላይ ከቆመ ወርደው ብስክሌቱን በእርስዎና በከብቶቹ መካከል አድርገው በእግር ይለፉ። አዲስ የወለደች ላም ካዩ ግን ይመለሱ።

ሦስተኛ፦ የጎማና የፍሬን ጉዳይ። በሐረጎ ቁልቁለት የሚወርዱ ከሆነ እርሻው ከመድረስዎ በፊት ፍሬንዎ ይፈተናል። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ውስጥ ወደ 600 ሜትር ይወርዳሉ፤ ከጅቡቲ በባቲ በኩል የሚመጡ ከባድ መኪኖችም በዚያው ጠመዝማዛ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። የመጀመሪያው ብስክሌቴ ፍሬን ቸርኬውን የሚጨብጥ ዓይነት ስለነበር ያለማቋረጥ ይዤው ስወርድ ቸርኬው ግሎ ካላማዳሪው ፈነዳ። የዲስክ ፍሬን ቢኖርዎትም እንኳ ጫን ለቀቅ እያደረጉ ይውረዱ፤ ሜዳ ባገኙበት ቆመው ያብርዱት። እኔ አሁን እስከ ኮምቦልቻ ብስክሌቱን በሚኒባስ ጣሪያ አስጭኜ እወርዳለሁ፤ በዚህም አላፍርም፤ ጉልበቴን የማስቀምጠው ለአቀበቱ ነው።

ጎማው ሰፊና ጥርሱ ጎላ ያለ ይሁን። አስፋልቱን ሲለቁ ነፋሱን ቀነስ ያድርጉት፤ እኔ በ75 ኪሎ ክብደቴ ከ25 እስከ 28 ፒ.ኤስ.አይ. (የጎማ ነፋስ ግፊት መለኪያ) ድረስ ነው የምነዳው፤ ድንጋዩን የሚይዝልኝ ይህ ነው። ታችኛው ክፍል ግራር የበዛበት ስለሆነ እሾሁ ጎማ ውስጥ ሰብሮ ይቀራል፤ ካላማዳሪ ከመቀየርዎ በፊት የጎማውን ውስጥ በጣትዎ ዳብሰው እሾሁን ያውጡት፤ አለዚያ አዲሱም ወዲያው ይበሳል። ሁለት ካላማዳሪና ፖምፓ ይያዙ፤ አስፋልቱ እስኪደርሱ ድረስ ጎሚስታ የለም። ሐምሌና ነሐሴን ግን ይተዉት፤ ዋልካው ጎማውን ጠቅልሎ ሹካው ላይ ሲጣበቅ ጎማው አይዞርም፤ ጎማዎ ጭቃው ላይ የሚተወው ቦይም ቆይቶ የጎርፍ መንገድ ይሆናል። በበልግም ዝናብ ከዘነበ ሁለት ሦስት ቀን ይጠብቁ። ከሁሉ የተሻለው ጥቅምት ነው፤ መሬቱ ጠንክሯል፣ ሣሩ ገና አልደረቀም፣ አዝመራውም አልተከመረም።

አቀበቱን አሁን በየሳምንቱ እወጣዋለሁ፤ በ46 ዓመቴ ወጣቶቹ ወርደው በሚገፉበት ቦታ እኔ እየነዳሁ አልፋለሁ። እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ዘንድ ስደርስ ደብዳቤዬን ባያስፈልግም አወጣለሁ፤ ሽማግሌው ባያስፈልግም ያዩታል። ስወጣ ደግሞ ሁልጊዜ «ስንት በር ዘጋህ?» ይሉኛል፤ «ሰባት፣ አባባ» እላቸዋለሁ። እርስዎንም መጠየቃቸው አይቀርምና ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው ይቁጠሩ።