የሙያ ምክር፦ ቴሲሱ ለምን በሦስት ቀን ተመለሰ?

ጠያቂያችን በኅብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪዋን ይዛ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። ቴሲሷ (የመመረቂያ ጥናቷ) እናቶች ከወለዱ በኋላ ስለሚያገኙት የጤና ክትትል የሚያወራ፣ 78 ገጽ ያለው ነው። አሳጥራ ወደ አንድ ጆርናል ላከችው፤ ገምጋሚ ዘንድ እንኳ ሳይደርስ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ ከሌላ ጆርናል «ክፈይና በሳምንት እናትምልሻለን» የሚል ኢሜይል ደረሳት። ለሦስተኛ ዲግሪ ልታመለክት ነውና ጊዜ አጥሯታል። «ሳይንሳዊ ጽሑፍ መጻፍ እንዴት ልማር? ችግሩ እንግሊዝኛዬ ይሆን?» ትላለች።

እህቴ፣ ረቂቅሽን አይተነዋል፤ እንግሊዝኛሽ አይደለም። የላክሽው ጽሑፍ አሁንም ቴሲስ ነው። ቴሲስ ለፈታኞች የሚጻፍ በመሆኑ ተማሪዋ ዘዴውን ሁሉ ማወቋን ማሳየት አለበት። ስለዚህ ሦስት አራት ዓላማ ይይዛል፤ የቀደሙ ጥናቶች ዳሰሳው ብቻ 15 ገጽ ይፈጃል። አርቲክል (ጆርናል ላይ የሚወጣ የምርምር ጽሑፍ) ግን አንድ ጥያቄ ጠይቆ፣ መልሶ፣ ያበቃል። 78 ገጹን እየቆረጡ 12 ማድረስ የማያዋጣው ለዚህ ነው፤ ከየክፍሉ ጥቂት ጥቂት ይተርፍና የትኛውም የተሟላ አይሆንም። አዲስ ፋይል ክፈቺ።

ከዓላማዎችሽ አንዱን ምረጪ። ከዚያ ውጤቱን ለሥራ ባልደረባሽ በአማርኛ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሪያት። ለምሳሌ፦ «በእርግዝና ጊዜ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤቷ የመጣችላት እናት ከወለደች በኋላም ክትትል የማግኘት ዕድሏ የተሻለ ነው»። እንዲህ ማለት ካቃተሽ ጽሑፉ ገና አልበሰለም፤ እንግሊዝኛ ማስተካከልም አያበስለውም። ከቻልሽ ግን ያንን ዓረፍተ ነገር ከጠረጴዛሽ በላይ ለጥፊውና እሱን የማያግዝ ሰንጠረዥ ሁሉ ይውጣ። ከሦስት እስከ አራት ሰንጠረዥ ይበቃል።

አጻጻፉ ከመግቢያ አይጀምርም። መጀመሪያ ሰንጠረዦቹን ጨርሺ፤ ቀጥሎ ውጤቱን፣ ከዚያ የጥናቱን ዘዴ፣ ከዚያ ውይይቱን፣ ከዚያ መግቢያውን፣ በመጨረሻ አብስትራክቱን (የጽሑፉን አጭር መግለጫ) እና ርዕሱን ጻፊ። መግቢያ አንባቢውን ወደ ውጤትሽ የሚያደርስ መንገድ ነውና መድረሻው ሳይታወቅ ሲጻፍ ከዓለም የእናቶች ሞት ተነሥቶ በአፍሪካ አልፎ ወረዳው ሲደርስ ገጹ ያልቃል። የእኛ አገር ረቂቆች ትልቁ ሕመም ይህ ነው። እንደ መነሻ ይህን ልክ ያዢ፦ መግቢያ ከ400 እስከ 500 ቃላት፣ ዘዴ 800፣ ውጤት 700፣ ውይይት 1000፣ አብስትራክት 250። የጆርናሉ መመሪያ ከዚህ ከተለየ መመሪያውን ተከተይ።

መግቢያው ሦስት ነገር ይናገር፦ ምን ይታወቃል፣ ምን አይታወቅም፣ ይህ ጥናት ምን አደረገ። «በዚህ ወረዳ ጥናት አልተሠራም» ማለት ብቻውን ክፍተት አይሆንም፤ በኢትዮጵያ ከ1,000 በላይ ወረዳ አለ። ያንቺ ወረዳ ከሌላው በምን ይለያል? አርብቶ አደር ነው? ጤና ጣቢያው በክረምት በጎርፍ ይቆረጣል? ልዩነቱ እናቶቹን የሚነካ ከሆነ እሱን ጻፊ።

ዘዴው ላይ ገምጋሚዎች የሚያዩትን እናውቃለን። የናሙናሽ ቁጥር 423 ነው። ያ ቁጥር ከየት እንደመጣ ሁሉም ያውቃል፦ ክትትል የሚያገኙት 50 በመቶ ናቸው የሚል ግምት፣ 5 በመቶ የስህተት ወሰን፣ 95 በመቶ መተማመኛ 384 ይሰጣል፤ መልስ ለማይሰጡት 10 በመቶ ሲጨመርበት 423 ይሆናል። ችግሩ ቁጥሩ ላይ አይደለም። መጀመሪያ ቀበሌዎችን፣ ቀጥሎ ከየቀበሌው ቤቶችን መርጠሻል፤ ስሌቱ ግን እናቶቹ ከአንድ ዝርዝር በዕጣ እንደወጡ አድርጎ ይቆጥራል። የአንድ ቀበሌ እናቶች እርስ በርስ ስለሚመሳሰሉ መረጃው ከ423 ሰው ያነሰ ይናገራል፤ የመተማመኛ ወሰኑም (እውነተኛው ቁጥር ይገኝበታል የሚባለው ክልል) ከሚገባው በላይ ይጠባል። ትንታኔውን ቀበሌን ከግምት አስገብተሽ ድገሚ፤ ማድረግ ካልተቻለ የጥናቱ ውስንነት ውስጥ በግልጽ ጻፊው። ስትሮብ የሚባለው ለምልከታ ጥናቶች የተዘጋጀ የመቆጣጠሪያ ዝርዝር 22 ነጥቦች አሉት፣ በነጻ ይገኛል። ነጥቦቹን አንድ በአንድ እያየሽ በየትኛው ገጽ እንደመለስሽ ሙዪ፤ ባዶ የቀረው ሣጥን ገምጋሚው የሚጠይቅሽ ጥያቄ ነው።

ውጤቱ ላይ አንድ ነገር ብቻ እናንሣ፤ ግን ከባድ ነው። «ክትትል የማግኘት ዕድላቸው 2.25 እጥፍ ነው» ብለሽ የጻፍሽው የኦድስ ሬሾን ነው። ኦድስ ክትትል ያገኙት ላላገኙት ሲካፈል የሚመጣው ነው፤ ሬሾው ደግሞ የአንዱ ቡድን ኦድስ ለሌላው ሲካፈል ነው። ከ100 የተጎበኙ እናቶች 60፣ ከ100 ካልተጎበኙ 40 ክትትል ቢያገኙ ኦድስ ሬሾው 2.25 ይሆናል፤ በሰው ቁጥር ግን ልዩነቱ 1.5 እጥፍ ነው። ክስተቱ ብዙ ሰው ላይ በሚታይበት ጊዜ ኦድስ ሬሾ ነገሩን ያጋንናል። ስለዚህ ወይ የፕሪቫለንስ ሬሾ (የአንዱ ቡድን መቶኛ ለሌላው ሲካፈል) አስልተሽ አቅርቢ፣ ወይ ኦድስ መሆኑን ሳትደብቂ ጻፊ፣ ከጎኑም መቶኛዎቹን አስቀምጪ። ጥናቱ በአንድ ጊዜ የተሰበሰበ መረጃ ነውና «ምክንያት ሆነ»፣ «አስከተለ» የሚሉ ግሦችን አውጪ፤ «ተያይዞ ታይቷል» በዪ።

አሁን ወደ ውይይቱ። ጽሑፍሽ የተመለሰው በዋናነት እዚህ ይመስለናል። እያንዳንዱ አንቀጽ በአንድ ቅርጽ ተሠርቷል፦ «ውጤታችን ከኬንያና ከጋና ጥናቶች ጋር ይመሳሰላል፤ ከኔፓል ይበልጣል፤ ልዩነቱ በጥናት ጊዜ፣ በናሙና መጠንና በባህል ልዩነት ሊሆን ይችላል»። ይህ ዓረፍተ ነገር በማንኛውም ጥናት ላይ ቢለጠፍ ይስማማል፤ ስለዚህ ምንም አልተናገረም። የትኛው የባህል ልዩነት? የወለደች ሴት እስከ ክርስትና ቀን ከቤት አለመውጣቷ ከሆነ ስሙን ጥሪው፤ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን መሆኑን ጨምረሽ የመጀመሪያው ሳምንት ክትትል ለምን ቤት ድረስ መሄድ እንዳለበት ከዚያ አንሺ። የጊዜ ልዩነት ካልሽም በመሃል ምን እንደተለወጠ አሳዪ። ከስድስት የማይረባ ንጽጽር ሁለት የተብራራ ይሻላል። የመጀመሪያው አንቀጽ ዋናውን ግኝት ይንገር፣ መሃሉ ለምን እንደሆነ ያስረዳ፣ ቀጥሎ ውስንነቱ ይምጣ፣ መጨረሻው ማን ምን ማድረግ እንደሚችል ይጠቁም። «ባለድርሻ አካላት ትኩረት ሊሰጡ ይገባል» የሚለውን ተዪው፤ ጤና ጣቢያው ነው፣ ወረዳው ነው፣ ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት?

መጻፍ የት ልማር ላልሽው፣ ከሥልጠና ሁሉ የሚበልጠው የምትልኪበትን ጆርናል መመርመር ነው። በቅርቡ ያወጣቸውን፣ በዘዴ ካንቺ ጋር የሚቀራረቡ አምስት አርቲክሎች በወረቀት አትሚና በእያንዳንዱ አንቀጽ ጎን አንቀጹ የሚሠራውን ሥራ በአማርኛ ጻፊ፦ «ችግሩን ይገልጻል»፣ «ተቃራኒ ውጤት ያነሣል»፣ «ድክመቱን ያምናል»። አምስተኛው ላይ ስትደርሺ አጽሙ ይገለጥልሻል። ጽሑፎቹ በክፍያ የተዘጉ ከሆኑ ዩኒቨርሲቲሽ በሪሰርች ፎር ላይፍ፣ በተለይ በጤናው ክፍል በሂናሪ በኩል መግቢያ ሊኖረው ስለሚችል ቤተ መጻሕፍቱን ጠይቂ። ኦተርኤይድ የሚባለው ፕሮግራምም ለእንደኛ አገር ተመራማሪዎች በኢንተርኔት ነጻ የጽሑፍ ሥልጠና ይሰጣል። ዋቢዎችሽን በእጅ አትጻፊ፤ ዋቢ የሚያደራጀው ዞቴሮ የተባለ ሶፍትዌር ነጻ ነው። ቻትቦት ሰዋስው ቢያርምልሽ ክፋት የለውም፤ መጠቀምሽን ጆርናሉ በሚጠይቀው መሠረት ግለጪ፤ ዋቢ ግን አታስጠቁሚው፣ ያልተጻፈ ጽሑፍ ከነደራሲው ፈጥሮ ያመጣልሻል።

ያንን የሳምንት ኢሜይል ሰርዢው። እውነተኛ ግምገማ ወራት ይወስዳል። እዚያ ከታተመ በኋላ ሥራውን ሌላ ቦታ ማውጣት አትችይም፤ ለዕድገትም ላይያዝልሽ ይችላል። አንድን ጆርናል ከማመንሽ በፊት ዶአጅ በሚባለው የክፍት ጆርናሎች ማውጫ ውስጥ ፈልጊው፤ የዩኒቨርሲቲሽን የምርምር ቢሮም የሚቀበለው መሆኑን ጠይቂ። ለዚህ ርዕስ የኢትዮጵያ የጤና ልማት ጆርናል እና ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚያሳትመው የኢትዮጵያ የጤና ሳይንስ ጆርናል ጥሩ መነሻ ናቸው። ውጭ የምትልኪ ከሆነ ብዙ አሳታሚዎች ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሚልኩ ክፍያውን ይተዋሉ፤ ጥያቄው ግን የሚቀርበው ጽሑፉ ሲላክ ነው። ከተቀበሉሽ በኋላ ብትጠይቂ አብዛኞቹ አይሰሙሽም። በአንድ ጊዜ ለሁለት ጆርናል አትላኪ።

ከመላክሽ በፊት የደራሲ ስሞችን ከአማካሪዎችሽ ጋር ተነጋግረሽ ጨርሺ። ዓለም አቀፉ የሕክምና ጆርናል አርታኢዎች ኮሚቴ አራት መስፈርት አለው፦ በጥናቱ ሐሳብ ወይም በመረጃው ሥራ ጉልህ ድርሻ፣ ረቂቁን መጻፍ ወይም ጠንከር አድርጎ ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለሥራው ተጠያቂ መሆን። አራቱንም ያላሟላ ሰው፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊም ቢሆን፣ ቦታው ምስጋና ውስጥ ነው። ይህን ለአለቃ መናገር እንደሚከብድ እናውቃለን፤ ለዚህ ነው ረቂቁ ሳይጀመር በኢሜይል መስማማት የሚሻለው። የራስሽን ስም ሁልጊዜ በአንድ የላቲን ፊደል አጻጻፍ አስፍሪ፤ ተመራማሪን ከሌሎች የሚለየውን፣ ነጻ የሆነውን ባለ 16 አኃዝ የኦርሲድ ቁጥርም አውጪ። ቴሲሱ የዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ ካለ ለአርታኢው በምትጽፊው ደብዳቤ ግለጪ፤ አለበለዚያ የመመሳሰል መፈተሻው ከራስሽ ቴሲስ የኮረጅሽ ያስመስልሻል።

አስተያየት ሲመጣ እያንዳንዱን ነጥብ ቅጂና ከሥሩ መልስሽን፣ የተስተካከለበትንም ገጽና መስመር ጻፊ። ካልተስማማሽ ምክንያትሽን በትሕትና አስረጂ፤ ዝም ብሎ ማለፍ ግን ያስመልሳል። ለሦስተኛ ዲግሪ በምታመለክቺበት ሲቪ ላይ ጽሑፉ ገምጋሚ ጋ ካለ «በግምገማ ላይ»፣ ተቀባይነት ካገኘ ደግሞ «ለኅትመት ተቀባይነት ያገኘ» ብለሽ ለይተሽ አስፍሪ። ገና ያልተላከ ከሆነ «በዝግጅት ላይ» ብለሽ ረቂቁን አያይዢ፤ የወደፊት አማካሪሽ ሊያነበው ይፈልግ ይሆናል።