ቻትጂፒቲ የሰጠህን፣ ፈልገህ ግን ያላገኘኸውን የሰበር ችሎት ውሳኔ መዝገብ ቁጥር በመመረቂያ ጽሑፍህ መጥቀስ ትችላለህ ወይ?

አትጥቀሰው። በሰበር ቅጾች (የችሎቱ ውሳኔዎች በታተሙባቸው ጥራዞች) ውስጥ ፈልገህ ያጣኸው ውሳኔ ከነጭራሹ ላይኖር ይችላል፤ ፕሮግራሙ ቁጥርና ቀን አሳምሮ ይፈጥራል።

ለመመረቂያ ጽሑፍህ እንዲህ አድርግ፦

1. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያሳተማቸውን ቅጾች በቁጥር ሳይሆን በጭብጥ ፈልግ፤ ማውጫቸው በጉዳይ ዓይነት የተከፋፈለ ነው።

2. ቁጥሩ ቢገኝም አትቸኩል። እውነተኛ ቁጥር ከማይገናኘው ጉዳይ ጋር ተለጥፎ ይመጣል፤ የአመልካቹ ክርክርም የችሎቱ አቋም ተደርጎ ይቀርባል (ይሄኛው ነው አደገኛው፣ በቀላሉ አይያዝም)። ሐተታውንና የውሳኔውን ክፍል ራስህ አንብብ።

3. ችሎቱ አቋሙን ቀይሮ እንደሆነ በኋላ የወጡትን ቅጾች እይ።

"ውሳኔው እውነት አለ?" ብለህ መልሰህ ቻትጂፒቲን ራሱን አትጠይቅ። ሮቤርቶ ማታ የተባለ ተሳፋሪ አቪያንካ አየር መንገድን ኒው ዮርክ ውስጥ በከሰሰበት ክርክር፣ የማታ ጠበቃ ፕሮግራሙ ስለፈጠረው ውሳኔ እንዲያ ጠይቆ "አለ" ተብሎ ነበር፤ በ2023 እ.ኤ.አ. በጠበቆቹ ላይ የ5,000 ዶላር ቅጣት ተጣለ።

አንድ ጥንቃቄ፦ የተሻረ ሕግም ይሰጥሃል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 377/1996ን ከጠቀሰልህ፣ እሱ በአዋጅ 1156/2011 ተተክቷል። የመጀመሪያ ዓመት የዓመት ፈቃድ ብቻ እንኳ ከ14 ወደ 16 የሥራ ቀናት ከፍ ብሏል።